አብረው ያደጉ ሦስት አውራ ዶሮዎች መደባደብ ጀመሩ፤ ምን ይሻላል?

የኮተቤዋ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

ዘጠኝ ሴትና ሦስት አውራ ዶሮዎች አሉኝ። ሁሉም የሐበሻ ናቸው። ሦስቱ አውራዎች አንዲት እናት ታቅፋ የፈለፈለቻቸው ናቸው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ገብስማ፣ አንዱ ነጭ። ጫጩት ሆነው አንድ ላይ ይጭሩ፣ አንድ ላይ ይተኙ ነበር። አሁን ስድስተኛ ወራቸውን ይዘዋል። መጮህ ከጀመሩ ወዲህ ግን ሰላም የለም።

ጠዋት በሩን ስከፍት ቀዩና ገብስማው ወዲያው ይፋጠጣሉ። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው የአንገታቸውን ላባ ይነፋሉ። ከዚያ ዘለው በእግራቸው ይማታሉ። ነጩ አይደባደብም። ቀኑን ሙሉ ከማገዶው ክምር ጀርባ ተደብቆ ይውላል፣ መኖ ለመብላት እንኳን ይፈራል። ትናንት የገብስማው ራስ ደምቶ አገኘሁት። ሴቶቹም ተረብሸዋል። የአንዷ ጀርባ ላባው አልቆ ቆዳዋ ይታያል።

ባለቤቴ "ተያቸው፣ አሸናፊው ሲለይ ራሳቸው ይተዋሉ" ይላል። አማቴ ሁለቱን ለፋሲካ አስቀምጪና እረጂ ትለኛለች። ፋሲካ ግን ገና ነው፣ ጾሙ ገና መግባቱ ነው። እስከዚያ እንዴት ላኑራቸው? እውነቱን ለመናገር ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ። ግቢያችን ጠባብ ነው፣ ዙሪያው ቆርቆሮ ነው።

የቆጥ ሰው (ሰበታ)

እህቴ፣ የሆነው ነገር እንግዳ አይደለም። በአራትና በስድስት ወር መካከል አውራ ዶሮ ጎረምሳ ይሆናል። ድምፁ ይወጣል፣ ሴት መከተል ይጀምራል፣ ደረጃውን ማወቅ ይፈልጋል። ወንድማማች መሆናቸው እስከዚያች ዕድሜ ድረስ ነው የሚጠቅማቸው።

ዶሮዎች መካከል ማን ማንን እንደሚነቁር የታወቀ ሥርዓት አለ። ይህን መጀመሪያ በጥናት ያሳየው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤቤ የሚባል ኖርዌያዊ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮ ሲመለከት ኖሮ በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጻፈው። ሴቶቹ የራሳቸው ደረጃ አላቸው፣ አውራዎቹም የራሳቸው። ደረጃው አንዴ ከተያዘ አብዛኛው ጠብ በዓይንና በአንገት ብቻ ያልቃል። አንዱ ያፈጣል፣ ሌላው ዞር ይላል፣ በቃ።

ስለዚህ ጠብ ሁሉ መጥፎ አይደለም። መጠየቅ ያለብሽ አንድ ነገር ነው። የተሸነፈው ሲሸሽ አሸናፊው ይተወዋል ወይስ እየተከተለ ይመታዋል? ከተወው ደረጃ እየያዙ ነው። ከተከተለውና መሸሺያ ከሌለው ግን ቀጣዩ ነገር ሞት ሊሆን ይችላል። የነጩ መደበቅ ከገብስማው ደም ይበልጥ ያሳስበኛል። የማይበላ ዶሮ ሳይደማ ይሞታል።

ሌላው ቁጥሩ ነው። ለአንድ አውራ ከስምንት እስከ አሥር ሴት ነው የሚመከረው። አንቺ ጋ ለአንድ አውራ ሦስት ሴት ደርሷል። የዚያች ዶሮ ጀርባ የተላጠው ለዚህ ነው። አውራው ሲወጣባት በጥፍሩ ጀርባዋን፣ በምንቃሩ የአንገቷን ላባ ይይዛል። ሦስቱ ተራ በተራ ሲወጡባት ላባው ለመብቀል ጊዜ አያገኝም። ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጧት አንዷን ወይም ሁለቷን ነው፤ ሌሎቹ ጀርባቸው ደህና ሆኖ እሷ ብቻ ትጎዳለች።

ባለ ሜዳው (ደሴ ዙሪያ)

እኔ በባለቤትሽ ሐሳብ እስማማለሁ። እኛ ጋ አራትና አምስት አውራ ያለው ቤት ብዙ ነው። ማንም አይገላግላቸውም። ሁለት ሦስት ቀን ይደባደባሉ፣ ከዚያ ይተዋሉ። ሰው መሀል እየገባ ሲለያያቸው ነው ጠቡ የሚራዘመው። በማግስቱ እንደ አዲስ ይጀምራሉ።

የቆጥ ሰው (ሰበታ)

ወንድሜ፣ ያልከው እናንተ ጋ እውነት ነው። ምክንያቱን ግን ተመልከት። እናንተ ጋ የተሸነፈው አውራ ማሳ ለማሳ ይሄዳል። ጎረቤት ጓሮ ይገባል፣ ሁለት ሦስት ሴት አስከትሎ ከቤቱ ማዶ የራሱን ክልል ይይዛል። ማታ ብቻ ነው የሚገናኙት፣ ያኔም ጨለማ ነው። የኮተቤዋ ግቢ ደግሞ ዙሪያው ቆርቆሮ ነው። የተሸነፈው ጥግ ሲደርስ ይቆማል። ከቆመ ደግሞ አሸናፊው እየተፋለመኝ ነው ብሎ እንደገና ይመታዋል። "ተያቸው" የሚለው ምክር ከሜዳው ጋር አብሮ ካልመጣ ገዳይ ነው።

መሀል እየገቡ መገላገል አይጠቅምም ያልከው ላይ ግን ልክ ነህ። በእጅ እየለያዩ እዚያው ግቢ መልሶ መልቀቅ ምንም አይሠራም። ወይ ደረጃቸውን ይያዙ፣ ወይ በአጥር ይለዩ።

ባለ ሜዳው (ደሴ ዙሪያ)

የቆርቆሮውን ነገር ልብ አላልኩትም ነበር። እንደዚያ ከሆነ ተቀብያለሁ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ (ቢሾፍቱ)

ስለ ቁስሉ ልናገር፤ ሌላውን ሌሎች በደንብ ይዘውታል።

በመጀመሪያ ገብስማውን ዛሬውኑ ለይው። ዶሮ ደም ሲያይ ይነቁራል፤ ይህን አውራውም ሴቷም ያደርጉታል። ትንሽ ጭረት የነበረው በአንድ ከሰዓት ትልቅ ቁስል የሚሆነው ሌሎቹ ሲነቁሩት ነው። ለብቻው ንጹሕ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ያለበት ሳጥን ውስጥ አድርጊው። ውኃ አፍልተሽ ትንሽ ጨው ጨምረሽ ሲቀዘቅዝ ቁስሉን እጠቢው። ራስ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ደም ሥር ስለሚበዛበት ብዙ ይደማል፤ ሲያዩት ያስደነግጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይደርቃል። ንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ተጭነሽ መያዝ ነው። ሐምራዊው የቁስል ቀለም ካለሽ ቀቢበት። ቀለሙ ደሙን ስለሚሸፍነው ሌሎቹም እንዳይነቁሩት ይረዳል። ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቂ። ዓይኑ ራሱ ከተመታ ግን ቤት ውስጥ አትሞክሪ፣ ወደ ክሊኒክ ውሰጂው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸውን ሁለት ነገሮች ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ራስና ጆሮ አካባቢ የሚታይ ጥቁር ቅርፊት ሁሉ የጠብ ቁስል አይደለም። የዶሮ ፈንጣጣም ልክ እንደዚያ ጠቆር ያለ ቅርፊት ያወጣል። የሚለየው እንዲህ ነው። የጠብ ቁስል ረዘም ያለ ጭረት ወይም የተቀደደ ነገር ነው፣ የሚወጣውም በሚደባደቡት ላይ ነው። ፈንጣጣው ግን እንደ ኪንታሮት እያበጠ ይወጣል፣ ዓይን ዙሪያና አፍ ጥግ ላይም ይታያል፣ የማይደባደቡት ሴቶችና ቄቦችም ላይ ይወጣል። ትንኝ ያስተላልፈዋል፣ በተከፈተ ቁስልም ይገባል። ስለዚህ የሚደባደቡ አውራዎች ያሉበት ግቢ ፈንጣጣ ከገባበት ቶሎ ይዛመታል።

ሁለተኛ፣ አንገቱ የተጣመመ ወይም ክንፉን የጣለ አውራ ስታዩ "ተመቶ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ፈንግል የሚባለው ተላላፊ የዶሮ በሽታም አንገት ያጣምማል፣ ሽባም ያደርጋል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የመተንፈስ ችግር ወይም የሌሎች ዶሮዎች ድንገተኛ ሞት አብሮ ካለ የጠብ ነገር አይደለም። በአቅራቢያ ላለ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያው ንገሩ። የፈንግል ክትባት እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ዋጋውም ከአንድ ዶሮ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

የኮተቤዋ (አዲስ አበባ)

ባለሙያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ገብስማውን ለይቼዋለሁ። ያልከውን አይቼ ሴቶቹን አንድ በአንድ ይዤ ዓይናቸውንና አፋቸውን ተመለከትኩ። ምንም የለባቸውም። የእሱም ቁስል ጭረት ነው፣ በአንድ በኩል ብቻ።

አሁን ጥያቄዬ ስለ እግራቸው ነው። ከእግሩ ኋላ የሚወጣው ሹል ነገር ይቆረጣል? ጎረቤቴ በመጋዝ ቁረጪው አለችኝ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ (ቢሾፍቱ)

በስድስት ወር የወጣው ገና ጉብ ያለ ነገር ነው። ሹል የሚሆነው ዓመት እየሞላ ሲሄድ ነው። ያኔም ከሥሩ አይቆረጥም። ውጭው እንደ ጥፍር ነው፣ መሀሉ ግን አጥንትና ደም ያለበት ነው። ከሥሩ ሲቆረጥ በጣም ይደማል፣ ያመዋልም። ጫፉን ብቻ በሞረድ ማደንዘዝ ይበቃል። አንድ ሰው ዶሮውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይይዛል፣ ሌላው ይሞርዳል።

ምንቃር ቆርጡ የሚላችሁንም አትስሙ። ጫፉ የተቆረጠ ዶሮ መሬት ጭሮ ጥሬ መልቀም ያቅተዋል። የጓሮ ዶሮ ደግሞ የሚኖረው በመልቀም ነው።

አዲስ አርቢ (ባሕር ዳር)

ይቅርታ መሀል ገባሁ። እኔ ጋም ሁለት አሉ። ኃይለኛውን እግሩን በገመድ አስሬ ነው የማውለው። ጥሩ ነው?

የቆጥ ሰው (ሰበታ)

ፍታው ወንድሜ። የታሰረው ኃይለኛ ቢሆንም መንቀሳቀስ ስለማይችል ሌላው መጥቶ ይመታዋል፣ መሸሽ አይችልም። ጭልፊት ቢመጣስ? ገመዱም እግሩን ይበላዋል። ከገበያ እስከ ቤት ለማድረስ እንጂ ለማኖሪያ አይሆንም። ገመድ ከምትገዛ ትንሽ የሽቦ ወንፊት ግዛ።

እማማ ጉትዬ (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ የኮተቤዋ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዶሮ አርብቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ ብለሻል፤ መውደድሽ ደግ ነው። ግን ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው ለሴቶቹ አባወራ የሚሆነው። ያን ደግሞ በጠብ አሸናፊነት አትምረጪ።

አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብለሽ ተመልከቻቸው። ጥሬ በትኚላቸው። ጥሩ አውራ ጥሬ ሲያገኝ አንስቶ እየጣለ "ኩክ ኩክ" ብሎ ሴቶቹን ይጠራል፤ እነሱ ሲመጡ ቆሞ ያያቸዋል፣ ራሱ መጨረሻ ይበላል። ጭልፊት ሲያንዣብብ አንገቱን ቀና አድርጎ ረዘም ያለ ድምፅ ያሰማል፣ ሁሉም ወደ ጥላ ይሮጣሉ። ሽለምጥማጥ ወይም ድመት ሲያይ ደግሞ ድምፁ ሌላ ነው፣ ቆረጥ ቆረጥ ያለ ጩኸት። ቄብ እንቁላል መጣያ ስትፈልግ ጎጆው ውስጥ ገብቶ ይጠራታል። እንዲህ የሚያደርገውን አስቀሪ። ሌላውን ሁሉ እያሳደደ፣ ሴቶቹንም ከመኖ እያባረረ የሚበላውን፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለፋሲካ አድርጊው።

ስለ መሸጥ ደግሞ። አሁን በጾም ገበያ ብታወጪው ዋጋ አያወጣም። ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ግን ቀይ አውራ ተፈልጎ አይገኝም። ገብስማም ይወደዳል። ስለዚህ እስከዚያ ለይተሽ ቀልቢያቸው። በግቢው እየሮጠ የሚደባደብ አውራ አይወፍርም፣ ገዢ ሲያነሳው ቀሎ ያገኘዋል። ላባው የተነጨና ራሱ የቆሰለውንም ማንም በዓል ቤቱ ይዞ መግባት አይፈልግም። ለይተሽ ብትቀልቢው በሁለቱም ታተርፊያለሽ።

ሳሶ አርቢ (ሐዋሳ)

እማማ ያሉት ልክ ነው። እንዴት ለይታ እንደምታኖራቸው እኔ ልጨምር፣ ሥራዬ ስለሆነ።

እኔ የማመጣው ሳሶ የሚባለውን የውጭ ዝርያ የአንድ ቀን ጫጩት ነው። ወንድና ሴት ተደባልቆ ስለሚመጣ ግማሽ ገደማው ወንድ ይሆናል። ስለዚህ በየዙሩ ብዙ አውራ ይኖረኛል። ሁሉንም በአንድ ቤት ወንድ ለብቻ ነው የማኖራቸው። ሰው አይቶ ይገረማል፤ ይህ ሁሉ አውራ እንዴት አይባላም ይለኛል። ምሥጢሩ ሴት አለመኖሯ ነው። ሴት ከሌለች የሚጣሉበት ዋናው ነገር የለም። ደረጃ ለመያዝ ይፋጠጣሉ፣ ትንሽ ይገፋፋሉ፣ ከዚያ ይረጋጋሉ።

ግን እንዲሠራ የሚፈልጋቸው ነገሮች አሉ። ሴቶቹ እንዳይታዩአቸው ማድረግ ይሻላል። በሽቦ ብቻ ከተለዩ ቀኑን ሙሉ አጥሩን እየተከተሉ ይመላለሳሉ፣ ንዴታቸውን እርስ በርስ ይወጡታል። ቢያንስ እስከ ጉልበት ድረስ አሮጌ ላሜራ ወይም ጆንያ አድርጊበት። ቦታው አይጥበብ። ለእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ካሬ ሜትር ስጪው፣ ከተቻለ የበለጠ። የመኖና የውኃ ዕቃ ሁለት ሁለት ይሁን፣ ተራርቀውም ይቀመጡ። አንድ ከሆነ ኃይለኛው ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ሌላው ተርቦ ይውላል። መሀል ላይ ደግሞ ዓይን የሚከልል ነገር አስቀምጪ፤ ያረጀ ጣውላ አጋድመሽ፣ የተገለበጠ ሳጥን፣ የማገዶ ክምር ቢሆን። ተሸናፊው አንድ ጊዜ ከዓይን ከተሰወረ አሳዳጁ ይረሳዋል። የአንቺ ነጭ ይህን ራሱ አውቆ ነው ማገዶው ጀርባ የሚውለው።

ጥንቃቄ፦ ከወንድ ቤት አውጥተሽ ሴቶቹ ጋ ያዋልሽውን አውራ መልሰሽ አታስገቢው። ጥቂት ቀን እንኳ ተለይቶ ከዋለ እንደ እንግዳ ነው የሚቆጥሩት። ሁሉም ተባብረው ይመቱታል። ውሳኔሽን አንዴ ወስነሽ በዚያው ቀጥይ።

መኖውንም ለይ። የእንቁላል ጣይ መኖ ለቅርፊቱ ሲባል ካልሲየም ይበዛበታል። አውራ እንቁላል ስለማይጥል አያስፈልገውም። የታዳጊ መኖ ወይም ጥሬ፣ በቆሎና ስንዴ እያፈራረቅሽ፣ ጎመን ቅጠል ጨምረሽ ስጪያቸው።

ሰሜን ምዕራብ (ሲያትል)

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። እዚህ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሲያትል ከተማ ውስጥ ሴት ዶሮ በጓሮ ማርባት ይፈቀዳል፣ አውራ ግን ክልክል ነው። ሎስ አንጀለስ ደግሞ በአንድ ቤት አንድ አውራ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ምክንያቱ ጠብ አይደለም፣ ጩኸት ነው። ሴት ናቸው ተብለው የተገዙ ጫጩቶች መሀል አንዱ አድጎ መጮህ ሲጀምር ሐበሻውም ፈረንጁም እኩል ይጨነቃል። እኔ ከከተማው ወጣ ብዬ ስለምኖር ሁለት አውራ አሉኝ።

ስለ ጩኸት ካነሳሁ አይቀር፣ ደረጃቸውን ለማወቅ ጠብ መጠበቅ አያስፈልግም። ጃፓን ውስጥ ተሠርቶ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት እንዳሳየው ንጋት ላይ መጀመሪያ የሚጮኸው የበላዩ ነው። ሌሎቹ በደረጃቸው ተከትለው ይጮኻሉ። የበላዩ ሲወጣ ቀጣዩ ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ አልጋ ላይ ሆነሽ አድምጪ፤ የሦስቱን ድምፅ ከለየሽ ማን ላይ እንዳለ ታውቂያለሽ። ተራው በየቀኑ የሚለዋወጥ ከሆነ ገና አልተያዘም ማለት ነው።

ሁለት አውራ ከሴቶች ጋር አብሮ ማኖር ለሚፈልግ ሰው ደግሞ እኔ ጋ የሠራው ሁለት መንጋ ማድረግ ነው። ሴቶቹን ለሁለት ከፍዬ ለየራሳቸው ቤት፣ ለየራሳቸው መኖ፣ በቤቱ ተቃራኒ ጫፍ ሰጠኋቸው። ድንበራቸውን ራሳቸው ያውቁታል። የኮተቤዋ ግን ዘጠኝ ሴት ስላላትና ግቢዋም ጠባብ ስለሆነ ይህ አይሆንላትም።

የሦስት ልጆች እናት (አዳማ)

እኔ የምጠይቀው ሰው ስለሚመታ አውራ ነው። የእኛ ሌላ አውራ ሲያጣ ልጆቼ ላይ ዞረ። ትንሹ ልጄ ጓሮ መውጣት ፈርቷል።

የቆጥ ሰው (ሰበታ)

እህቴ፣ በልጅ ላይ የሚዘል አውራ ቀልድ አይደለም። የሚዘለው በልጁ ፊት ቁመት ነው፣ ዓይን ይጎዳል። ልጁን ለብቻው ጓሮ አትላኪው። አንዳንዱ አውራ ሰው ሲሸሽ ስለሚበረታ ዘወር ሳይሉ ቀስ ብሎ ወደ እሱ መራመድ ያበርደዋል ይላሉ፤ ትልቅ ሰው ይሞክረው፣ ልጅ አይሞክረው። በዱላ መምታትና በእግር መማታት ግን እልህ ያስገባዋል፤ አንቺንም እንደ አውራ ይቆጥርሽና በየቀኑ ይጠብቅሻል።

ካልተለወጠ አታስቀምጪው። ከእሱ እንቁላልም አታሳቅፊ። ቁጡነት በዘር ይወርዳል። ረጋ ካለ አውራ የተፈለፈሉ በአብዛኛው የተረጋጉ ናቸው፤ እኛ ጋ በየዓመቱ እየመረጥን ስለያዝን ዛሬ ልጅ የሚመታ የለንም።

አዲስ አርቢ (ባሕር ዳር)

ገመዱን ፈትቻለሁ። አንድ ጥያቄ ልጨምር። በሬ እንደሚኮላሸው አውራ ዶሮ አይኮላሽም? ጠቡ እዚያው ያልቅ ነበር።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ (ቢሾፍቱ)

ይኮላሻል፣ ጠቡም ያልቃል። እንዲያውም በ1849 (እ.ኤ.አ.) አርኖልድ በርቶልድ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ጎቲንገን ውስጥ ይህንኑ በአውራ ዶሮ ላይ አሳይቷል። የዘር ፍሬያቸው የወጣላቸው አልጮኹም፣ አልተደባደቡም። ፍሬው ተመልሶ ሆዳቸው ውስጥ የተተከለላቸው ግን እንደ ማንኛውም አውራ አድገው ጮኹ፣ ተደባደቡ። የሆርሞን ሳይንስ ከዚያ ሙከራ ብዙ ተምሯል።

ቤት ውስጥ ግን አይሞከርም። የዶሮ ፍሬ እንደ በሬ ውጭ አይደለም፣ ጀርባው ሥር ኩላሊቱ አጠገብ ነው ያለው። በጎን አጥንቶቹ መካከል ተከፍቶ ነው የሚወጣው፤ አጠገቡ ደግሞ ትልቅ የደም ሥር አለ። በዚያ ላይ የሚሠራው ጎረምሳ ሳይሆን ገና በልጅነቱ ነው። አንተ ጋ ሁለት አውራ ነው ያለው። በሽቦ ወንፊት የሚፈታ ነገር በቢላዋ አይፈታ።

የኮተቤዋ (አዲስ አበባ)

የደረስኩበትን ልንገራችሁ፤ ብዙ ጊዜ ሰው ጠይቆ ይጠፋል፣ እኔ እንደዚያ ማድረግ አልፈልግም።

እማማ እንዳሉት ጥሬ በትኜ ተመለከትኩ። የገረመኝ ነገር፣ ሴቶቹን የሚጠራው ቀዩ አይደለም። ገብስማው ነው። ቁስሉ እንደደረቀ ለጥቂት ሰዓት ቀዩን ሳጥን ውስጥ አድርጌ እሱን ብቻውን ከሴቶቹ ጋር ለቀቅኩት። ጥሬ እያነሳ ይጥልላቸዋል። ሰማይ ላይ ጭልፊት ሲዞርም ድምፅ አሰምቶ ሁሉንም ቆርቆሮው ጥላ ሥር አስገባቸው። ቀዩ ግን መኖ ሲቀርብ እነሱን አባርሮ ራሱ ነው የሚበላው። እሱን ጠንካራ ስለሆነ ነበር ለማስቀረት ያሰብኩት።

ስለዚህ ገብስማው ከሴቶቹ ጋር ቀረ። ቀዩና ነጩ ለብቻቸው ገቡ። ባለቤቴ የድሮውን የማገዶ ቤት በሽቦ ከፍሎ ሠራላቸው፣ ከታች በኩል ላሜራ አደረገበት። ቀዩ ነጩን መጀመሪያ ሲያሳድደው ፈርቼ ነበር። መሀሉ ላይ ጣውላ አጋድመን ሁለት የመኖ ዕቃ ካስቀመጥን በኋላ ግን ነጩ ወጥቶ መብላት ጀመረ። አሁን አንድ ቆጥ ላይ ያድራሉ፣ ነጩ በዳር በኩል። የዶሮዋ ጀርባም ትንንሽ ላባ ማውጣት ጀምሯል።

አማቴም ደስ ብሏታል። ቀዩ ለፋሲካ ነው፣ ለሷ ተነግሮላታል። ነጩን ምን እንደማደርገው አልወሰንኩም።

እማማ ጉትዬ (ደብረ ማርቆስ)

ጎሽ የኔ ልጅ። ነጩን ሴት ዶሮ ላለው ግን አውራ ለሌለው ጎረቤት ስጪው። የዋህ አውራ ተፈልጎ አይገኝም። ለሚያርደው አትስጪው።

ሰሜን ምዕራብ (ሲያትል)

አዲሱ ቤት ሲሄድ ግን ለሦስት አራት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። እሱ ጤነኛ ቢመስልም የሄደበት ቤት ዶሮዎች የያዙትን እሱ ላያውቀው ይችላል፣ እነሱም የሱን። በተለይ ፈንግል በሚነሳበት ወቅት።

የኮተቤዋ (አዲስ አበባ)

እሺ እማማ። አጎቴ ገላን አካባቢ ሴት ብቻ አሉት፣ ለሱ እነግረዋለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄ። አንዷ ዶሮ ክርር ማለት ጀምራለች፣ ልትታቀፍ ነው። የገብስማውን ልጆች ብቻ ነው የምፈልገው። ቀዩ ከወጣ ገና ሳምንቱ ነው። አሁን የሚጣለውን እንቁላል ላሳቅፋት?

የእንስሳት ጤና ባለሙያ (ቢሾፍቱ)

ገና ነው። ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር በሆዷ ውስጥ ይዛ ታቆያለች። አንዴ ከተጠቃች በኋላ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ድረስ የተዳቀለ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ስለዚህ አሁን የምትሰበስቢው የቀዩም የነጩም ሊሆን ይችላል። ቀዩ ከወጣበት ቀን ጀምረሽ አራት ሳምንት ቁጠሪ። ከዚያ በኋላ የሚጣለው የገብስማው ነው ብለሽ መተማመን ትችያለሽ።

ዶሮዋ እስከዚያ ካልጠበቀች የአሁኑን ብሉትና በቀጣዩ ዙር አሳቅፊያት። እንቁላሉን ስታጠራቅሚ ከአንድ ሳምንት በላይ አታቆዪው። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገሽ። ከታቀፈ በ21 ቀኑ ይፈለፈላል። ግማሹ ወንድ እንደሚሆን ከአሁኑ አስቢና የማገዶ ቤቱን አታፍርሺው።